«ሁሉም በአድሚን ነው የሚገባው፤ እንዴት ልለየው?» ፈቃድን በሥራ ድርሻ የማከፋፈል መመሪያ

ይህ ጥያቄ በተደጋጋሚ ይደርሰኛል። ጠያቂው አንዳንዴ ሶፍትዌሩን የጻፈው ሰው ነው፣ አንዳንዴ ቢሮውን የሚመራው። ሲስተሙ ተሠርቶ ሥራ ጀምሯል፣ ስድስት ሰው ይጠቀምበታል፣ ስድስቱም የሚገቡት «አድሚን» በሚባል አንድ አካውንት ነው። ወይም ለእያንዳንዱ ሠራተኛ አካውንት ተከፍቷል፤ ፈቃዱ ግን ሰው በተቀጠረ ቁጥር አንድ በአንድ ምልክት እየተደረገ ስለተሰጠ ዛሬ ማን ምን መሥራት እንደሚችል በእርግጠኝነት የሚናገር የለም።

መፍትሔው ፈቃድን ከሥራ ድርሻ ጋር ማሰር ነው። የሥራ ድርሻውን ከዚህ በኋላ ሮል እለዋለሁ፤ በሙያው ውስጥ የምንጠራው እንዲያ ነው። ፈቃዱ ለሮሉ ይሰጣል፣ ሰውየው ደግሞ ሮሉን ይይዛል። ሰው ሲቀየር የሚነካው አንድ መስመር ብቻ ይሆናል።

ለምሳሌነት የምወስደው የገንዘብ ቁጠባና ብድር ኅብረት ሥራ ማኅበርን ሲስተም ነው። ገንዘብ ተቀባይ፣ የብድር ሠራተኛ፣ የሒሳብ ሠራተኛ፣ ሥራ አስኪያጅ፣ የብድር ኮሚቴና የቁጥጥር ኮሚቴ ስላሉት ክፍፍሉ ቁልጭ ብሎ ይታያል። የእናንተ የፋርማሲ፣ የትምህርት ቤት ወይም የመጋዘን ሲስተም ቢሆንም ደረጃዎቹ እነዚሁ ናቸው።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- ሰፊ ወረቀት ወይም አንድ የኤክሴል ፋይል።
- አሁን በሲስተሙ ላይ ያሉ አካውንቶች ሙሉ ዝርዝር፣ ሥራ የለቀቁት ሰዎች አካውንት ሳይቀር።
- ሥራውን በእጁ የሚያውቅ አንድ ሰው። መስኮት ላይ ብዙ የቆየ ሠራተኛ ብታገኙ ጥሩ ነው። አለቃው ሥራው እንዴት መሠራት እንዳለበት ይነግራችኋል፤ መስኮት ላይ ያለው ግን በተጨባጭ እንዴት እንደሚሠራ ያሳያችኋል።
- የዳታቤዙ ቅጂ ያለበት የሙከራ ሰርቨር። በቅጂው ላይ የአባላቱን ስምና ስልክ ቀይሩት።
- ተመልሶ እንደሚጫን የተሞከረ ባክአፕ። ያልተሞከረ ባክአፕ እንደሌለ ቁጠሩት።
- ለወረቀቱ ሥራ ብቻ አንድ ሙሉ ቀን።

ማስጠንቀቂያ፦ ለውጡን ደመወዝ በሚገባበትና ሒሳብ በሚዘጋበት ሰሞን ሥራ ላይ አታውሉት። ደግሞም አዲሱ አስተዳዳሪ በራሱ አካውንት ገብቶ ለሌላ ሰው ሮል መስጠት እንደቻለ በዓይናችሁ ሳታዩ አሮጌውን አድሚን አትዝጉ። በዚህ ስሕተት ሲስተማቸው በራሳቸው ላይ የተቆለፈባቸው ሰዎች አውቃለሁ።

ደረጃ 1፦ ድርጊቶቹን በግሥ ዘርዝሩ

በሲስተሙ ላይ የሚሠራውን ሁሉ ጻፉ፦ አባል መመዝገብ፣ ቁጠባ መቀበል፣ ወጪ መክፈል፣ የተመዘገበ ገቢ መሰረዝ፣ የብድር ማመልከቻ መመዝገብ፣ ብድር ማጽደቅ፣ ብድር መልቀቅ፣ ሪፖርት ማየት፣ ዝርዝር ማውረድ፣ ሮል መስጠት።

ብዙ ሰው የሚጀምረው ከገጽ ነው፤ «የአባላት ገጽ ለእገሌ ይከፈትለት» ይላል። አንድ ገጽ ላይ ግን ብዙ ድርጊት ተደራርቦ ይገኛል። የአባላትን ገጽ እንክፈተው። የአባሉን መረጃ ማየት አለ፣ አድራሻ ማረም አለ፣ ስልክ ቁጥር መቀየር አለ፣ አባልነት መዝጋት አለ፣ ሙሉ ዝርዝሩን በኤክሴል ማውረድ አለ። ስልክ ቁጥር መቀየር ተራ እርማት ይመስላል። የማረጋገጫ ኮድ በኤስኤምኤስ የሚላከው በዚያ ቁጥር ከሆነ ግን ቁጥሩን የቀየረ ሰው የአባሉን ሒሳብ ቁልፍ በእጁ አስገባ ማለት ነው። ማውረድም እንዲሁ ነው። አባሉ ፊት ለፊት ቆሞ ሒሳቡን ማየትና የ3,000 አባላትን ስም፣ ስልክና ቀሪ ሒሳብ በፍላሽ ይዞ መውጣት በአንድ ፈቃድ ሥር ሊኖሩ አይገባም።

ዝርዝሩ ካለቀ በኋላ በቀይ የምታሰምሩባቸው አራት ዓይነት ድርጊቶች አሉ፦ ገንዘብ የሚያንቀሳቅሱ፣ የተጻፈን የሚሰርዙ፣ መረጃ በጅምላ የሚያወጡ፣ ለሌላ ሰው ፈቃድ የሚሰጡ። ከዚህ በኋላ ትልቁ ጥንቃቄ የሚያርፈው በእነሱ ላይ ነው።

ደረጃ 2፦ ሮሎቹን ከሥራው አውጡ

ሮል ስትሰይሙ ሥራውን ጥሩበት፦ ገንዘብ ተቀባይ፣ የብድር ሠራተኛ፣ ብድር አጽዳቂ፣ የሒሳብ ሠራተኛ፣ ተቆጣጣሪ፣ የሲስተም አስተዳዳሪ። መፈተኛው ቀላል ነው፤ አሁን ሥራውን የያዘው ሰው ነገ ቢለቅ የሮሉ ስም ትርጉም ይኖረዋል? «የአልማዝ ፈቃድ» የሚል ሮል ካላችሁ አልማዝ ስትሄድ ማንም የማይነካው ግን ለሁሉም የሚሰጥ ነገር ይሆናል።

የሥራ መደብንም እንዳለ አትገልብጡ። «ሲኒየር ገንዘብ ተቀባይ» እና «ጁኒየር ገንዘብ ተቀባይ» ሲስተሙ ላይ የሚሠሩት አንድ ከሆነ ሮላቸውም አንድ ነው፤ ልዩነቱ ደመወዝ ላይ ይቅር። በተቃራኒው ሥራ አስኪያጅ የሚባለው ሰው ሁለት ሥራ ሊኖረው ይችላል፦ ብድር ያጸድቃል፣ ሪፖርትም ያያል። ያኔ ሁለት ሮል ይያዝ።

ለእንዲህ ያለ ቢሮ ከ5 እስከ 8 ሮል ይበቃል። የሮሉ ቁጥር ወደ ሠራተኛው ቁጥር ከተጠጋ ሥራውን ትታችሁ ሰዎቹን መዘርዘር ጀምራችኋል፤ ወደ ደረጃ 1 ተመለሱ።

ደረጃ 3፦ ሠንጠረዡን ሙሉ

በግራ ድርጊቶቹን፣ ከላይ ሮሎቹን ጻፉና መገናኛው ላይ ምልክት አድርጉ። ደንቡ አንድ ነው፦ ባዶ ማለት ክልክል ነው። አንድ ሰው «ይህም ያስፈልገኛል» ካለ «መጨረሻ የሠራኸው መቼ ነው?» ብላችሁ ጠይቁት። መልስ ካጣ ባዶውን ተዉት፤ ሲያስፈልግ መጨመር የአምስት ደቂቃ ሥራ ነው፣ አንዴ የተሰጠን መንጠቅ ግን ቅያሜ ያመጣል።

በእኛ ምሳሌ ሠንጠረዡ እንዲህ ይወጣል፦

- ገንዘብ ተቀባይ፦ አባል ማየት፣ ቁጠባ መቀበል፣ ወጪ መክፈል፣ የመሰረዝ ጥያቄ ማቅረብ።
- የብድር ሠራተኛ፦ አባል ማየት፣ ማመልከቻ መመዝገብ፣ ሰነድ ማያያዝ።
- ብድር አጽዳቂ፦ ማመልከቻ ማየት፣ ማጽደቅ ወይም መመለስ።
- የሒሳብ ሠራተኛ፦ የጸደቀ ብድር መልቀቅ፣ የመሰረዝ ጥያቄ ማጽደቅ፣ የቀን ሒሳብ መዝጋት።
- ተቆጣጣሪ፦ ሁሉንም ማየት፣ ሎግ (ማን መቼ ምን እንደሠራ ሲስተሙ የሚይዘው መዝገብ) ማንበብ፣ ምንም አለመንካት።
- የሲስተም አስተዳዳሪ፦ አካውንት መክፈትና መዝጋት፣ ሮል መስጠት። ገንዘብ የሚነካ አንድም ድርጊት የለውም።

«የመሰረዝ ጥያቄ ማቅረብ» እና «የመሰረዝ ጥያቄ ማጽደቅ» የተለያዩበትን ምክንያት በአንድ ማኅበር ካየሁት ልንገራችሁ። አንዲት እናት የቁጠባ ደብተራቸውን ይዘው መጡ። ደብተሩ ላይ የ4,000 ብር ገቢ ተጽፎ ማኅተም አርፎበታል፣ ሲስተሙ ላይ ግን የለም። ሎጉን ስንከፍተው ገቢው ተመዝግቦ ከ20 ደቂቃ በኋላ ተሰርዟል። የሰረዘው ሰው ስም በሚለው ቦታ ላይ ያለው «አድሚን» ነው። የአድሚኑ ፓስዎርድ በብጣሽ ወረቀት ተጽፎ ሞኒተሩ ጠርዝ ላይ ተለጥፎ ነበር፣ አራት ሰው ያውቀዋል። ለእናትየዋ ገንዘባቸው ተመለሰላቸው። ማን እንደሰረዘው ግን እስከ ዛሬ አልታወቀም፤ አራቱም ተጠርጥረው ከረሙ፣ አንዷም በዚሁ ሥራዋን ለቀቀች። የተለየ አካውንትና የሁለት ሰው ደንብ ቢኖር ኖሮ ንጹሑ ሰው ንጹሕነቱን በአንድ መስመር ያሳይ ነበር። ስለዚህ ሠራተኞቻችሁ «አላመናችሁንም ማለት ነው?» ሲሏችሁ ይህን ንገሯቸው፤ ቁጥጥሩ መጀመሪያ የሚጠብቀው እነሱን ነው።

ስለዚህ በቀይ ላሰመራችሁባቸው ድርጊቶች ሁሉ የጀመረው ሰው አይጨርስም የሚለውን ደንብ አስገቡ። እዚህ ላይ የሚሳሳት ብዙ ነው። ሮሎቹን መለየት ብቻውን አይበቃም። ሥራ አስኪያጁ ዓመት ፈቃድ ሲወጣ የብድር ሠራተኛው ተክቶት «ብድር አጽዳቂ» የሚለውን ሮል ይይዛል። ያኔ ባለፈው ሳምንት ራሱ የመዘገበውን ማመልከቻ ዛሬ ራሱ ሊያጸድቅ ነው። ስለዚህ ቁጥጥሩ በሁለት ቦታ ይሁን፦ አንደኛ ሮሉ ላይ፣ ሁለተኛ ማመልከቻው ላይ። ሲስተሙ ከማጽደቁ በፊት «ይህን የመዘገበው ማን ነው?» ብሎ ይይ፤ አጽዳቂው ራሱ ከሆነ ይከልክል።

ደረጃ 4፦ ዳታቤዙ ላይ አምስት ቴብል (የመረጃ ሠንጠረዥ) ሥሩ

1. ተጠቃሚዎች፦ ስም፣ መግቢያ፣ አካውንቱ ክፍት ነው ወይስ ዝግ።
2. ሮሎች፦ መለያ፣ ስም፣ ሮሉ ለምን እንደተፈጠረ አንድ ዓረፍተ ነገር።
3. ፈቃዶች፦ በደረጃ 1 የዘረዘራችኋቸው ድርጊቶች፣ እያንዳንዱ በአንድ ረድፍ።
4. የሮልና የፈቃድ ማገናኛ፦ የትኛው ሮል የትኛው ፈቃድ አለው።
5. የተጠቃሚና የሮል ማገናኛ፦ ማን የትኛውን ሮል ያዘ፣ ማን ሰጠው፣ ከመቼ ጀምሮ፣ እስከ መቼ።

ተጠቃሚዎች ቴብል ላይ «ሮል» የሚል አንድ ኮለም ጨምሮ መገላገል ያጓጓል። የመተካት ጊዜ ሲመጣ ግን አንድ ሰው ሁለት ሮል መያዝ አይችልም፣ ስለዚህ የበፊቱን ደምስሳችሁ አዲሱን ትጽፋላችሁ፣ ተተኪው ወደ ቀድሞ ሥራው ሲመለስ ሮሉ ምን እንደነበረ ማንም አያስታውስም። አምስተኛው ቴብል ላይ ያለው «እስከ መቼ» የሚለው ኮለም ትንሽ ይመስላል፤ እኔ ካየኋቸው ሲስተሞች በአብዛኛው የጎደለው እሱ ነው። ለ15 ቀን የተሰጠ የውክልና ሮል በ16ኛው ቀን በራሱ መሞት አለበት። ሰው ያስታውሳል ብላችሁ አትተማመኑ።

ደረጃ 5፦ ኮዱ ፈቃድን ይጠይቅ፣ ሰርቨሩ ላይ ይጠይቅ

ኮዱ ውስጥ «ይህ ሰው ሥራ አስኪያጅ ነው?» ብላችሁ አትጻፉ። «ይህ ሰው ብድር የማጽደቅ ፈቃድ አለው?» ብላችሁ ጻፉ። ነገ ጉባኤው ማጽደቅ ለኮሚቴ ይሁን ብሎ ቢወስን በመጀመሪያው አጻጻፍ ኮዱን ሁሉ እየበረበራችሁ ታርማላችሁ፤ በሁለተኛው ግን ዳታቤዙ ላይ አንድ ረድፍ ቀይራችሁ ትጨርሳላችሁ።

ቁልፉን ከስክሪን ላይ መደበቅ ለተጠቃሚው ምቾት ነው፣ ጥበቃ ግን አይደለም። «አጽድቅ» የሚለው ቁልፍ ባይታየውም ጥያቄውን በቀጥታ ወደ ሰርቨሩ መላክ የሚችል ሰው አለ፤ ብሮውዘሩ ራሱ የሚልከውን ጥያቄ ቀድቶ እንደገና መላክ የተለየ ዕውቀት አይፈልግም። ስለዚህ እያንዳንዱ ጥያቄ ሰርቨሩ ላይ ሥራው ከመሠራቱ በፊት አንድ በር ይለፍ። የበሩም ነባሪ መልስ «አይቻልም» ይሁን። አዲስ ገጽ ጨምራችሁ ፈቃዱን መጻፍ ብትረሱ ገጹ ለማንም አይከፈት፤ ስሕተቱን ያኔውኑ ታገኙታላችሁ። ተቃራኒው ሲሆን ግን ገጹ ለሁሉም ተከፍቶ ይኖራል፣ የሚነግራችሁም የለም።

ጥያቄው ሲከለከል ሰርቨሩ የሚመልሰውን የመልስ ኮድ ለዩ፦ ያልገባ ሰው ከሆነ 401፣ ገብቶ ፈቃድ የሌለው ከሆነ 403።

አሁን ሮል ብቻውን የማይፈታውን ነገር ልብ በሉ። ገንዘብ ተቀባይዋ «አባል ማየት» የሚል ፈቃድ አላት። የአባሉ ገጽ አድራሻ መጨረሻ ላይ 104 የሚል ቁጥር አለ። ወደ 105 ብትቀይረው የሌላ ቅርንጫፍ አባል ይከፈታል? ይህን አሁኑኑ በራሳችሁ ሲስተም ላይ ሞክሩት። ከተከፈተ ሮሉ ትክክል ሆኖ ሳለ ወሰኑ ጠፍቷል። መፍትሔው ከፈቃዱ ጎን ወሰን ማስቀመጥ ነው፦ «አባል ማየት፣ በራስዋ ቅርንጫፍ»። ቅርንጫፉን ከተጠቃሚዋ አካውንት ውሰዱ፤ ከብሮውዘሩ የመጣን የቅርንጫፍ ቁጥር አትመኑ። የሶፍትዌር ደኅንነት ላይ የሚሠራው ኦዋስፕ እ.ኤ.አ. በ2021 ባወጣው የ10 ዋና ዋና አደጋዎች ዝርዝር የተበላሸ የፈቃድ ቁጥጥርን 1ኛ ላይ ያስቀመጠው እንዲህ ያለው ክፍተት በየሲስተሙ ስለሚገኝ ነው።

ደረጃ 6፦ ሶፍትዌሩ ራሱ ወደ ዳታቤዙ የሚገባበትን አካውንት አጥብቡ

ላይ ላዩን ሁሉን አስተካክላችሁ ሶፍትዌሩ ከዳታቤዙ ጋር የሚገናኘው በሱፐርዩዘር (ዳታቤዙ ላይ ሁሉን ማድረግ በሚችል አካውንት) ከሆነ ቤቱን ቆልፋችሁ ጓሮውን ከፍታችሁታል። ፖስትግሬስ በሚባለው ዳታቤዝ ሱፐርዩዘር የፈቃድ ቁጥጥርን ሁሉ አልፎ ይሄዳል። የቴብሉ ባለቤት የሆነ አካውንትም፣ በግልጽ ካላስገደዳችሁት በቀር፣ የረድፍ ደረጃ ደንቦች (ማን የትኛውን ረድፍ እንደሚያይና እንደሚቀይር የሚወስኑት) አይመለከቱትም። ስለዚህ ሁለት አካውንት ይኑር፤ አንዱ ቴብል የሚፈጥርና የሚቀይር፣ ሌላው ሶፍትዌሩ በየቀኑ የሚሠራበት፣ ማንበብና መጻፍ ብቻ የሚችል።

ደረጃ 7፦ ሎግ

ማን፣ መቼ፣ ምን አደረገ፣ በየትኛው መዝገብ ላይ፣ ከመለወጡ በፊት ምን ነበር፣ ከየትኛው ኮምፒውተር። ሮል መስጠትና መንጠቅ፣ የተከለከለ ሙከራም ይመዝገብ። ሶፍትዌሩ በየቀኑ የሚሠራበት የዳታቤዝ አካውንት በሎጉ ቴብል ላይ መጨመር እንጂ ማረምም መሰረዝም አይችል።

ደረጃ 8፦ የማይችለውን እያስሞከራችሁ ፈትሹ

አብዛኛው ሰው የሚፈትሸው ገንዘብ ተቀባዩ ቁጠባ መቀበል መቻሉን ነው። ያ ቢበላሽ በመጀመሪያው ደንበኛ ይታወቃል። ማንም የማይነግራችሁ ገንዘብ ተቀባዩ ብድር ማጽደቅ እንደሚችል ነው። ስለዚህ ለእያንዳንዱ ሮል አንድ የሙከራ አካውንት ክፈቱና በሠንጠረዡ ላይ ባዶ የሆነውን እያንዳንዱን ሳጥን ሞክሩ፤ ሁሉም 403 ይመልስ። ቁልፉን በመጫን ብቻ አትወሰኑ፣ ጥያቄውን በቀጥታ ወደ ሰርቨሩ ላኩ። ሠንጠረዡ በእጃችሁ ስላለ ይህን አውቶማቲክ ቴስት ማድረግ ቀላል ነው፣ ኮድ በተቀየረ ቁጥር ይሮጣል።

በተጨማሪ እነዚህን ሦስት አትዝለሉ፦ የራሱን ማመልከቻ ለማጽደቅ የሚሞክር ሰው፣ ለራሱ ሮል ለመስጠት የሚሞክር አስተዳዳሪ፣ ቀኑ ያለፈበት ውክልና።

ደረጃ 9፦ በአንድ ቅርንጫፍ ጀምሩ

ለእያንዳንዱ ሰው በስሙ አካውንት ክፈቱ፣ ሮሉን ስጡ፣ አንድ ሳምንት አሠሩት። በዚያ ሳምንት 403 የተመለሰባቸውን ጥያቄዎች በየማታው ከሎጉ አንብቡ። የተረሳ ፈቃድ ከሆነ ሮሉ ላይ ጨምሩ፤ ለሰውየው ለብቻው አትስጡ። ሰላም ሲሆን ወደ ሌሎቹ ቅርንጫፎች አስፉ፣ ከዚያ የጋራውን አድሚን ዝጉ።

ደረጃ 10፦ ሰው ሲገባ፣ ሲዘዋወርና ሲወጣ

ሲገባ፦ ሮሉን የሚጠይቀው የቅርብ አለቃው በጽሑፍ ነው፣ የሚሰጠው አስተዳዳሪው።

ሲዘዋወር፦ የበፊቱን ሮል መጀመሪያ ንጠቁ፣ ከዚያ አዲሱን ስጡ። ሰው ሦስት ክፍል ሲዞር የሦስቱንም ፈቃድ ተሸክሞ የሚገኘው ይህ ቅደም ተከተል ስለማይጠበቅ ነው።

ሲወጣ፦ በዚያው ቀን አካውንቱን ዝጉ። አትሰርዙት፤ ከሰረዛችሁት ሎጉ ላይ የሠራው ሥራ ሁሉ ባለቤት ያጣል። መዝጋትም ብቻውን አይበቃም። ሮሉ ቶክን (ሰው ሲገባ ሲስተሙ የሚሰጠው ጊዜያዊ ማለፊያ) ውስጥ ተጽፎ የሚሄድ ከሆነ ቶክኑ ጊዜው እስኪያልቅ ድረስ ይሠራል፤ የ24 ሰዓት ቶክን ያለው ሰው ጠዋት ተሰናብቶ ማታ ከቤቱ ሊገባ ይችላል። የቶክኑን ዕድሜ ወደ 15 ደቂቃ አሳጥሩ፤ በቀይ ላሰመራችሁባቸው ድርጊቶች ደግሞ ሁልጊዜ ፈቃዱን ከዳታቤዙ አዲስ ጠይቁ።

በየሦስት ወሩ የተጠቃሚና የሮል ዝርዝሩን አትማችሁ ለየክፍሉ አለቃ ስጡ። እያንዳንዱ ስም አጠገብ «ይቀጥል» ወይም «ይነሳ» ብሎ ይፈርም። የቁጥጥር ኮሚቴው ቅጂ ይያዝ።

በብዛት የማያቸው ስሕተቶች

- «ለጊዜው አድሚን ስጡት»። መጨረሻ ቀን ከሌለው ለጊዜው የሚባል ነገር የለም።
- ለአንድ ሰው ብቻ ከሮል ውጭ ፈቃድ መስጠት። ሁለት ወር ሳይቆይ ሠንጠረዡ የሚለውና ሲስተሙ የሚያደርገው ይለያያል።
- ሶፍትዌሩን የጻፈው ባለሙያ በቀጥታ ሥራ ላይ ባለው ሲስተም ሙሉ ፈቃድ ይዞ መቆየቱ። ለጥገና ሲጠራ በቀን የተወሰነ ሮል ይሰጠው።
- ፓስዎርድ መዋዋስ። ይህ ሲከሰት ሠራተኛውን ከመቆጣታችሁ በፊት ምክንያቱን ጠይቁ። ወረፋው በር ድረስ ደርሶ አጽዳቂው ስልኩን የማያነሳ ከሆነ ገንዘብ ተቀባዩ ፓስዎርዱን ይለምናል። የምትክ አጽዳቂ ስም አስቀድማችሁ አስይዙ።

ማስጠንቀቂያ፦ አስተዳዳሪው ቢታመም ወይም ስልኩ ቢጠፋ የሚያገለግል አንድ የአደጋ ጊዜ አካውንት ይኑራችሁ። ፓስዎርዱ ረጅም ይሁን፣ በወረቀት ተጽፎ በታሸገ ፖስታ ካዝና ውስጥ ይቀመጥ። ሲከፈት ሁለት ሰው ፖስታው ላይ ቀንና ምክንያት ጽፈው ይፈርሙ፤ አካውንቱ በተከፈተ ሰዓት ለሥራ አስኪያጁና ለቁጥጥር ኮሚቴው ሰብሳቢ ኤስኤምኤስ ይሂድ። በማግስቱ ፓስዎርዱ ተቀይሮ በአዲስ ፖስታ ይታሸግ።